ስለ መኪና ቀለምና ስለ ትንሿ አውቶቡስ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰማ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይኸውም ለእውነተኛ መኪና የተሠራውን ቀለም አንድ ክንድ በማትሞላ የቆርቆሮ አውቶቡስ ላይ በአየር እየረጩ ስለ መቀባት ነው። በመሥሪያ ቤት ሲሠራ ውሎ የደከመ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብሎ ይሰማል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚህ በትንሹ ሥራ ምክንያት የእኅቴን ልጅ ለሞት ላደርሰው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ስሕተቴን ሳልሸሽግ ብነግራችሁ ከእናንተ አንዱን እንኳ ከእንዲህ ያለው ጸጸት ያድነው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ከተማ ነው። አገሩን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፥ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በዚያ ያልፋል። እኛም ልጆች ሳለን መንገዱ ዳር ተቀምጠን የሚያልፈውን መኪና ስንቈጥር እንውል ነበር፤ ማታ ደግሞ ቀን ያየነውን ከሽቦ፥ ከዘይት ቆርቆሮና ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ እንሠራ ነበር። በአሥር ዓመቴ አንዲት የጭነት መኪና ሠርቼ ለአባቴ ለማሳየት በደስታ ይዤ ገባሁ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ፤ ደግ ሰውም ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ማየት አልወደዱም። «እኔ የማስተምርህ ጠይብ እንድትሆን ነውን?» አሉና መኪናዬን በጫማቸው ረገጧት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲያ ቆርቆሮ በእጄ አልነካሁም።

አባቴን ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም። የእጅ ሥራን መናቅ የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ልማድ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው ስም እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ይሁን እንጂ አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፥ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል ወደ ሞጣ ወደ እኅቴ ቤት ሄድሁ። የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ «ጋሼ፥ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዞ መጣ። ጨርቁን ሲገልጠው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሆኖ አገኘሁት። ቅጥቅጥ የምንለው፥ እንደምታውቁት፥ በአይሱዙ ሻሲ ላይ አካሉ በአገራችን ጋራዦች ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የሚሠራውን መለስተኛ አውቶቡስ ነው። ልጁም መናኸሪያ ቆሞ እውነተኛውን በሜትር ለክቶ፥ ልኩን ሁሉ ለሃያ እያካፈለ ሠርቶታል። ሰባት ሜትር የነበረው ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ሆኗል። በሩ ይከፈታል፤ መሪው ይዞራል፤ በጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛው እንኳ አልቀረም። ቀለሙ ግን የቤት ዘይት ቀለም በብሩሽ የተለቀለቀ ስለ ነበር ወፍራምና ሸካራ ነው። የብሩሹ ጠጉር መስመር በላዩ ይታያል፤ በበሩና በአካሉ መካከል የነበረው ክፍተትም ተደፍኖ ቀርቷል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ቀለሙ ነው ያበላሸብኝ» አለ።

ያን ጊዜ አባቴ የረገጧት የጭነት መኪና ትዝ አለችኝ። እኔ የተከለከልሁትን ለዚህ ልጅ እሰጣለሁ ብዬ በልቤ ቈረጥሁ። አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁም ከደመወዜ ቈጥቤ የአየር መርጫውን፥ ትንሽ ኮምፕሬሰርና የመኪና ቀለም ገዛሁ። ባለሱቁ ምን ዓይነት ቀለም እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «ከሁሉ ይልቅ የሚያበራውን» አልሁት። እርሱም ሁለት ጣሳ ሰጠኝ፤ አንዱ አንጸባራቂው መደረቢያ፥ ሁለተኛው ማጠንከሪያው ነበር። በጣሳው ላይ በእንግሊዝኛ ረጅም ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። እኔ በየቀኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብሁ ለሬዲዮ የማዘጋጅ ሰው ስሆን፥ ያን አንዱን ጽሑፍ ሳላነበው ዕቃውን ጠቅልዬ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት።

ልጁ ስጦታው በደረሰው ጊዜ የተደሰተው ደስታ በስልክ ይሰማ ነበር። ነፋሱ አቧራ እንዳያመጣበት ብሎ የጓዳውን በርና መስኮት ዘግቶ ይረጭ ጀመር። አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እየሠራ ብዙ ሳምንት እንዲህ አደረገ። ከዚያም በኋላ ሌሊት ሌሊት ያስለው ጀመር፤ ብርድ ነው ተባለ። አንድ ማታ ግን ከጓዳው ሲወጣ ትንፋሽ አጠረውና ደረቱ እያፏጨ ወደቀ። ጎረቤት ተጠርቶ በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ «ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር ይባላል። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሙ ብልሃት ተረፈ። በማግሥቱ እኅቴ ደውላ «ወንድምዬ፥ የላክኸው ነገር ልጄን ሊገድልብኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ያለችው ተቈጥታ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነበር። ስለዚህም ቃሏ ይበልጥ ከበደኝ።

እንግዲህ አስቀድሜ መጠየቅ የሚገባኝን ነገር ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርሁ። በአዲስ አበባ ጋራዦች በባትላሜና በቀለም ሥራ ያረጁ ሰዎች ዘንድ እየሄድሁ ተማርሁ፤ መጽሐፍም አገላበጥሁ። ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ኤርብረሽ የሚባለው የአየር መርጫ እንደ ብዕር በጣቶች መካከል የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በአንድ ወገን የታመቀ አየር፥ በሌላው ወገን ቀለም ይገባበታል፤ አየሩ በጠባቡ አፉ በኩል ሲወጣ ቀለሙን ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። መሣሪያው አዲስ አይደለም። አብነር ፒለር የተባለ አሜሪካዊ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ሠራ፤ በ1890ዎቹም ቻርልስ በርዲክ ዛሬ ወደምናየው ቅርጽ አቀረበው። ለብዙ ዘመን ፎቶግራፍ ለማሳመር ሲያገለግል ኖሯል። የመኪና ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የአንድ መኪና ቀለም ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በ1920ዎቹ ግን ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የሚባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም አወጣ፤ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካም ለ1924 የኦክላንድ መኪናዎቹ ተጠቀመበት። ፈጥኖ መድረቁ፥ ደቅቆ መፈጨቱና በሚፈለገው ኅብር በትንሽ መጠን ተቀላቅሎ መሸጡ ለትንሽ ሥራ እጅግ ተስማሚ ያደርገዋል።

ነገር ግን የትንሽ ሥራ ምሥጢሩ ሁሉ በቅጥነት ላይ ነው። ይህን በቍጥር ላስረዳችሁ። በአንድ እውነተኛ መኪና ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ገደማ ነው። ይኸው ውፍረት በሃያ እጅ ባነሰችው አውቶቡስ ላይ ቢደረግ፥ በእውነተኛው አውቶቡስ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀለም እንደ መለሰን ይቈጠራል። ደግሞ በእውነተኛው በርና በአካሉ መካከል አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ እንበል፤ ይህ በትንሿ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ላይ 0.1፥ 0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም ቢቀመጥ ክፍተቱ ፈጽሞ ይደፈናል። የእኅቴ ልጅ «ቀለሙ ነው ያበላሸብኝ» ያለው ቃል እውነት ነበር ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ያለበት የመኪና ቀለም ለትንሽ ሥራ አይመከርም፤ ቅንጣቱ ከሥራው ጋር ሊያንስ አይችልምና በትንሿ ላይ እንደ ተነሰነሰ አሸዋ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ለጋራዥ መርጫ የተዘጋጀው ቀለም ለአየር ብዕር ገና ወፍራም ነው። የጋራዡ መርጫ አፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፥ የዚህ ግን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ እጅ ቀለም ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ቲነር ተጨምሮበት እንደ ወተት እስኪቀጥን ይበጠበጣል። የአየሩም ግፊት ከአንድ እስከ ሁለት ባር ይበቃዋል። ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ልጠቀም ቢል፥ የጎማ መንፊያው በርሜል ብዙ እጥፍ የበለጠ ግፊት ስላለው፥ ግፊት መቀነሻና ውሃ ማጥመጃ ሳያስገባ እንዳይሞክር አደራ እላለሁ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቆርቆሮው አስቀድሞ ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙና ይታጠባል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል፤ ከዚያም ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም በስሱ ይረጭበታል። ዋናው ቀለም ሲረጭ የፊተኛው ዙር እንደ ጉም ብቻ ይሁን፤ ቆርቆሮው ከሥሩ ቢታይ ግድ የለም። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡና ሁለተኛውን፥ እንደገና ታግሠው ሦስተኛውን ይጨምራሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ በሦስትና በአራት ስስ ዙር የሚገኘው ጥራት በአንድ ወፍራም ዙር ከቶ አይገኝም። ሥራው ከፕላስቲክ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የመኪናው ቀለም ቲነር ፕላስቲኩን ያቀልጠዋልና፥ መለያ የሚሆነውን የመጀመሪያ ቀለም አስቀድሞ ማልበስና በቍራጭ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ የማልበስና የመታገሥ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በእንጨት ገበታ ላይ ሥዕለ ማርያምን ከመሣላቸው በፊት፥ ገበታውን አለስልሰው ጀሶ በሙጫ ለውሰው ያለብሱት ነበር፤ ቀለሙ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ የተወልን ሥራ እስከ ዛሬ የቈየው ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከቀለሙ በታች ያለው ዝግጅት ጠንቃቃ ስለ ነበረ ነው።

የአገሩም ጠባይ መታወቅ አለበት። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፤ ቀለሙም ገና በአየር ላይ ሳለ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፍና ሥራውን ሸካራ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መምረጥ፥ ግፊቱን ዝቅ ማድረግና መርጫውን ወደ ሥራው ማቅረብ ነው። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ቲነሩ ሲተን የሥራውን ፊት ያቀዘቅዘዋልና በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በላዩ ያርፍበታል፤ ቀለሙም ነጭ ጉም እንደ ለበሰ ሆኖ ይደበዝዛል። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው ፀሐይ የወጣችበትን ሰዓት ጠብቆ መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ትንፋሽ ልምጣ። እኔ የላክሁት ባለ ሁለት ጣሳ ቀለም በማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት። ይህ ነገር ሲረጭ ሳንባ ውስጥ ይገባና አስም ያመጣል። አንድ ጊዜ ሰውነት ከጠላው በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ እንደገና ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ክፋቱ ደግሞ የሚጐዳ መጠን ላይ ደርሶም ሽታው ላይታወቅ መቻሉ ነው። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ከቶ አያድንም፤ በከሰል የሚያጣራውም ጭምብል አያስተማምንም። ደንቡን የሚጠብቁ ጋራዦች ሠራተኛው ከሌላ ቦታ በቱቦ የሚመጣ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ እንዲረጭ ያደርጋሉ። ስለዚህ ማጠንከሪያ ያለበት ቀለም በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አይደለም፤ ይህን በአጭሩ ክልክል ብላችሁ ያዙት።

ማጠንከሪያ የሌለውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሥራው ከቤት ውጭ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ቦታ ይሁን፤ የቲነር ትነት የሚያጣራ ጭምብል ይደረግ፤ ሕፃናት አይቅረቡ። የቡና ከሰል በሚነድበት፥ ሻማ በሚበራበት፥ ሲጋራ በሚጨስበት አጠገብ አይረጭ፤ ትነቱ እንደ ቤንዚን እሳት ይይዛልና። የተረፈው ቲነር በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ የተጠማ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉ፤ በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ማዕድን ሊኖር ይችላል። ይህ ማዕድን የልጆችን አእምሮ የሚጐዳ ስለሆነ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ክቡራን፥ ከመካከላችን ወደ ትውልድ አገሩ ስጦታ የማይልክ ማን አለ? ሬዲዮ እንልካለን፥ መድኃኒት እንልካለን፥ የእርሻ መርጫ እንልካለን፥ ስልክ እንልካለን። የምንልክለትም ሰው ከተማ የሚኖር የተማረ ዘመዱ ስለ ላከለት ብቻ ዕቃውን ያምነዋል። እንግዲያውስ መሣሪያውን ልኮ ዕውቀቱን ማስቀረት ስጦታን በግማሹ መስጠት ነው፤ ግማሹም አንዳንድ ጊዜ ከምንም ይከፋል። አባቴ የልጃቸውን ሥራ በጫማ ረገጡ፤ እኔ ደግሞ የልጁን ሥራ እያከበርሁ ትንፋሹን ልወስድበት ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አልፈርድም። ሁለታችንም ግን አንድ ነገር ጐድሎን ነበር፤ እርሱም አጠገቡ ተቀምጦ «እንዴት ነው የምትሠራው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የእኅቴ ልጅ ዛሬ ደኅና ነው፤ ማጠንከሪያ ካለበት ቀለም ግን ለዘለቄታው ተከልክሏል። መሥራቱንስ አልተወም። እንደገና እንዲጀምር ሐኪሙ ሲፈቅድለት፥ እኔ በመጀመሪያ የላክሁለት ጭምብሉን ነበር፤ ቀጥሎ የአጠቃቀሙን መመሪያ በአማርኛ ጽፌ ላክሁ፤ ቀለሙን የላክሁት ከሁሉ በኋላ ነው። እኅቴም ጽሑፉን በጓዳው ሳይሆን በግቢው በተሠራው ዳስ ምሰሶ ላይ ለጥፋዋለች።

አሁን የሚሠራው የሰባራ ድልድይን አምሳያ ነው። ሰባራ ድልድይ፥ የሞጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ በገመድ እየተጐተተ ይሻገር ነበር። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በበጎ አድራጊዎችና በአገሬው እጅ ተጠገነ፤ በ2005 ጐርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ልጁ ባለፈው በስልክ «ጋሼ፥ የመኪና ቀለም ለገመዱና ለብረቱ ይሆናል፤ ለድንጋዩ ግን ያበራል፥ ድንጋይ አያበራም። ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፈጥኜ አልመለስሁለትም። «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልሁት።